ሁለት አውት ሲቀረን

በዚህ ኖቬምበር 2025 ቶሮንቶ ውስጥ "ስለ ቤዝቦል አታንሱብን" የሚል ሰው በዝቷል። እኔ ግን ማውራት እፈልጋለሁ፣ ዝም ስል ይብስብኛል፣ ያቺ ዘጠነኛ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠነኛው የጨዋታ ዙር፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰች እንቅልፍ ነስታኛለች። ቤዝቦል የማታውቁ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ለናንተ ስል ትንሽ ትንሽ እያስረዳሁ ነው የምሄደው፣ የምታውቁት ታገሱኝ።

ባጭሩ የሆነው ይሄ ነው። የኛ ብሉ ጄይስ ለዎርልድ ሲሪዝ ማለትም ለቤዝቦል ትልቁ ዋንጫ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ተገናኘ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው፣ ሶስት ለሶስት ሆኑና ሰባተኛው ጨዋታ ቅዳሜ ኖቬምበር 1 2025 ማታ እዚሁ ሮጀርስ ሴንተር ሆነ። 4 ለ 3 እየመራን የመጨረሻው ኢኒንግ ውስጥ ገባን፣ አንዱን መቺ አስወጣን፣ ሁለት ሰው ብቻ ማስወጣት ቀረን። ሁለት አውት። ከ1993 ወዲህ ወደዚህ ከተማ ያልመጣ ዋንጫ! ከዛ አቻ ሆንን፣ ተጨማሪ ኢኒንግ ተገባ፣ በ11ኛው 5 ለ 4 ተሸነፍን። ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ የዛን ሌሊት ደግሞ ክረምቱን ተከትሎ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ የሚመለስበት ሌሊት ነበር፣ ማለትም እንቅልፍ ለሌለው ሰው ሌሊቱ በአንድ ሰዓት ረዘመ።

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ቤዝቦል ፊልም ላይ ካልሆነ የት ይታያል፣ ሰዎች ቆመው ማስቲካ የሚያኝኩበት ጨዋታ ነው የሚመስለኝ የነበረው። እዚህ መጥቼ ኡበር መንዳት ስጀምር ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም በጋ ላይ መኪና ውስጥ የሚገባው ሰው ግማሹ ከሰላምታ በፊት "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ነው የሚጠይቅህ፣ እኔም ለመመለስ ብዬ ሬዲዮውን ጄይሶች ላይ ማድረግ ጀመርኩ፣ እንግሊዝኛዬም አብሮ ተስተካከለ፣ ቀስ በቀስ ስኮሩን መናገር ብቻ ሳይሆን ከተሳፋሪ ጋር መከራከር ሁሉ ጀመርኩ። ቤዝቦል በሬዲዮ የተሰራ ስፖርት ነው እስከማለት እደርሳለሁ፣ ምክንያቱም በውርወራና በውርወራ መሃል ጊዜ አለ፣ አስተላላፊው ስለ ተጫዋቹ አባት ያወራልሃል፣ ስለ አየሩ ያወራልሃል፣ ከዛ ድንገት ድምፁ ከፍ ይላል፣ አንተም ቀይ መብራት ላይ ቆመህ ልብህ ቀጥ ትላለች።

አንድ ነገር ግን አስተውሉልኝ። ቡድኑ በመደበኛው ሲዝን ብቻ 162 ጨዋታ ነው ያለው፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በቀን በቀን ማለት ይቻላል። አርሰናልን በሳምንት አንዴ ነው የምታየው፣ ጄይሶች ግን ማታ ማታ አብረውህ ናቸው፣ ስራ ላይ፣ እራት ላይ፣ ልብስ ስታጥፍ። ስለዚህ ሲዝን ሲያልቅ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ቤቱ ጭር ይላል። ዘንድሮ ደግሞ ያለቀው እንደዛ ሆኖ ነው።

አምና እኮ መጨረሻ ነበርን። በ2024 74 አሸንፈን 88 ተሸንፈን በምድባችን ካሉት አምስት ቡድኖች ጭራ ነበርን። ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ቭላዲሚር ጌሬሮ ጁኒየር፣ እኛ ቭላዲ የምንለው፣ ለ14 ዓመት በ500 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ብዙ ሰው ክለቡ አበደ ብሎ ነበር። እኔ ደስ ነው ያለኝ። ልጁ የተወለደው ሞንትሪያል ነው፣ አባቱ እዛ ለኤክስፖስ ሲጫወት፣ ያ ቡድን ከ2004 በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ካናዳ ውስጥ የቀረው የሜጀር ሊግ ቡድን የኛ ብቻ ነው። የሀገሩ ልጅ ዶሚኒካን ውስጥ አድጎ ተመልሶ "እዚሁ ነኝ" ሲል እንደኛ ከሁለት ቦታ ለሆነ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዛ በጋው መጣ። በካናዳ ቀን ሰሞን የኒውዮርክ ያንኪስን እዚሁ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው አንደኝነቱን ያዙ፣ ጁላይ 1 ቀን የኛው ጆርጅ ስፕሪንገር ብቻውን ሰባት ረን፣ ማለትም ሰባት ነጥብ፣ አስገባ። በመጨረሻም ከያንኪስ ጋር እኩል 94 አሸንፈው 68 ተሸንፈው እርስ በርስ በተገናኙበት ውጤት በለጡና ምድቡን አሸነፉ። ፕሌይኦፍ ላይ፣ ማለትም ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ባለው ጥሎ ማለፍ፣ ያንኪስን ድጋሚ 3 ለ 1 ሸኙት። ሲያትልን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 1 እየተመሩ፣ ሁለት የኛ ሯጮች ቤዝ ላይ፣ ማለትም ረን ለማስቆጠር በሚዞሯቸው ማረፊያዎች ላይ፣ ቆመው እያለ ስፕሪንገር ኳሷን በግራ በኩል ከሜዳ አስወጣት፣ ሶስቱም ገቡ፣ 4 ለ 3። ያን ቀን ዳንፎርዝ ላይ ያለችው ቡና የምጠጣባት ቤት ውስጥ የነበረውን ጩኸት ብትሰሙት የኢትዮጵያ ቡድን ለዓለም ዋንጫ አለፈ ነበር የምትሉት።

እዛች ቤት ቲቪው ሁሌ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ኦክቶበር ላይ ግን ተገለበጠ፣ እናቶች ሳይቀሩ ጀበናው አጠገብ ቁጭ ብለው "አሁን ይሄ የወፍራሙ ልጅ ተራ ነው?" እያሉ ስለ አሌሃንድሮ ከርክ ይጠይቁ ነበር። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ የ92ቱንም የ93ቱንም ዋንጫ እዚሁ ሆነው ያዩ። ጆ ካርተር ኦክቶበር 23 1993 በዘጠነኛው ኢኒንግ ያቺን ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት፣ መትቶ ዋንጫውን ሲዘጋው ያንግ ስትሪት ላይ መኪናቸው ውስጥ ነበሩ፣ ሰው መኪናው ላይ ወጥቶ ይጨፍር ነበር ይላሉ፣ ሂሳብ የከፈላቸው የለም፣ ግን ያን ሌሊት እስከዛሬ ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። "አንተ ልጅ" አሉኝ ስድስተኛው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት፣ "ይሄንን ካየሁ ይበቃኛል፣ ለናንተ ነው የምፈልገው።"

ዎርልድ ሲሪዙ ራሱ እብደት ነበር። የመጀመሪያውን 11 ለ 4 ደበደብናቸው፣ አዲሰን ባርገር ተቀይሮ ገብቶ ቤዞቹ ሞልተው ሆም ረን መታ፣ እንዲህ በቅያሪ መቺ ዎርልድ ሲሪዝ ላይ ከዛ በፊት ሆኖ አያውቅም። ሶስተኛው ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ 18 ኢኒንግ ሄደ፣ ሁለት ጨዋታ ማለት ነው፣ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም ሳይቀረው የዶጀርሱ ፍሬዲ ፍሪማን በሆም ረን ጨረሰው። ሾሄይ ኦታኒ ያን ቀን ዘጠኝ ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ፣ መጨረሻ ላይ የኛዎቹ ሊወረውሩለት ሁሉ ፈርተው ሆን ብለው ነበር የሚያሳልፉት። እንደዛ ተሸንፎ የማይሰበር ቡድን አለ? አለ። በማግስቱ ቭላዲ ኦታኒ የወረወረለትን ኳስ ከሜዳ አስወጣው፣ 6 ለ 2 አሸነፉ። በአምስተኛው ደግሞ ትሬይ የሳቬጅ የሚባል የ22 ዓመት ልጅ፣ ዘንድሮ ሲዝኑን በትንሹ ሊግ በሲንግል ኤ የጀመረ ልጅ፣ 12 ሰው በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳይመቱ፣ አስወጣ፣ አንድም ሰው በነፃ አላሳለፈም። 3 ለ 2 መራን፣ የቀሩት ሁለቱም ጨዋታዎች ቤታችን ናቸው፣ አንዱን ብቻ!

ስድስተኛውን 3 ለ 1 ተሸነፍን፣ አጨራረሱ ግን ለነገው መርዝ ትቶ ነው ያለፈው። በዘጠነኛው ባርገር የመታት ኳስ ከግድግዳው ስር ከስፖንጁ ጋር ተወሽቃ ቀረች፣ ነፃ ብትሆን ኖሮ ረን ይገባ ነበር፣ በህጉ ግን ሯጮቹ ሁለት ቤዝ ብቻ ነው የሚያልፉት። ከዛ አንድሬስ ሂሜኔዝ አጭር ኳስ ወደ ግራ መታ፣ የዶጀርሱ ኪኬ ሄርናንዴዝ ሮጦ መጥቶ ያዘና ወዲያው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ወረወረ፣ ባርገር ከቤዙ ርቆ ስለነበር እሱም ወጣ፣ ጨዋታው አለቀ። ይቺን ያዙልኝ።

ወደ ሰባተኛው ልምጣ። የኛው ቦ ቢሼት በሶስተኛው ኢኒንግ በአንድ እግሩ እያነከሰ ማለት ይቻላል የኦታኒን ኳስ ሶስት ረን ያስቆጠረ ሆም ረን አደረጋት። ጉልበቱን ተጎድቶ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አልተጫወተም ነበር፣ ለዎርልድ ሲሪዙ ብቻ ነው የተመለሰው፣ እሱም በተለምዶ በማይጫወትበት ቦታ ሁለተኛ ቤዝ ላይ። የኛው የ41 ዓመት ሰው ማክስ ሸርዘር ወርውሮ አንድ ረን ብቻ ሰጥቶ ወጣ። ስምንተኛው ላይ የዶጀርሱ ማክስ መንሲ በሆም ረን 4 ለ 3 አደረገው። ዘጠነኛው ላይ፣ አንድ አውት ከሆነ በኋላ፣ የዶጀርሱ ሚጌል ሮሃስ መጣ። ሮሃስ 36 ዓመቱ ነው፣ በጓንቱ እንጂ በባቱ የሚታወቅ ሰው አይደለም፣ ከኦታኒ ከፍሪማን ከሙኪ ቤትስ ሁሉ ይልቅ እሱን ብትገጥም የምትመርጠው ሰው ነው። የኛው ጄፍ ሆፍማን ወረወረ፣ ሮሃስ መታ፣ ኳሷ ግራ ሜዳውን አልፋ ወደቀች። 4 ለ 4።

እዚህ ላይ ነው ቤዝቦል ከምናውቀው ኳስ የሚለየው። ኳስ ላይ አንድ ለዜሮ እየመራህ 88ኛው ደቂቃ ላይ ከሆንክ ኮርነር ጋ ሄደህ ኳሱን ትይዛለህ፣ በረኛህ ይወድቃል፣ ሰዓቱ ይረዳሃል። ቤዝቦል ላይ ግን ጨዋታውን የሚያስቆም ሰዓት የለም። 27 ሰው ማስወጣት አለብህ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ለማስወጣት ኳሷን ባት ለያዘ ሰው የግድ መወርወር አለብህ፣ መደበቂያ የለም። ለዚህ ነው ጨዋታውን የምወደው፣ ለዚህ ነው ደግሞ ያን ሌሊት እንደዛ የጎዳን፣ በ19ኛው ኢኒንግ እንኳን ቢሆን የሚያድንህ ፊሽካ የለም።

በዘጠነኛው ሁለተኛ አጋማሽ የመምታት ተራው የኛ ሆነ። ቤዞቹ ሞሉ፣ አንድ አውት ብቻ፣ አንድ ረን ከገባች ቻምፒዮን ነን። ለዶጀርስ የሚወረውረው ዮሺኖቡ ያማሞቶ ነው፣ ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ከአንድ ቀን በፊት 96 ኳስ ወርውሯል፣ በተለምዶ እንደዛ የወረወረ ሰው ለቀናት ያርፋል። ዶልተን ቫርሾ ወደ ሮሃስ መታት፣ ሮሃስ ሊወድቅ እያለ ወደ ሆም፣ ረን ወደሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ፣ ወረወረ፣ ቢሼትን ተክቶ ሶስተኛ ቤዝ ላይ የነበረው አይዛያ ካይነር-ፋሌፋ ተንሸራቶ ደረሰ፣ ኳሷ በጣት ስፋት ቀደመችው። ቪዲዮ አዩ፣ አውት ነው። ቀጥሎ ኧርኒ ክሌመንት በዚህ ፕሌይኦፍ 30 ጊዜ መትቶ ሪከርድ የያዘው ልጅ ረጅም ኳስ ሰደደ፣ ሄርናንዴዝ ወደ ኋላ እየሮጠ ነው፣ ከመሃል ደግሞ ገና ተቀይሮ የገባው አንዲ ፓሄስ መጥቶ ሄርናንዴዝን ጨፍልቆ ከላዩ ላይ ያዘው። እኔ ኳሷ መሬት የነካች መስሎኝ ቆሜ ነበር። በ11ኛው ዊል ስሚዝ ሁለት አውት ከሆነ በኋላ በኛው ወርዋሪ በሼን ቢበር ላይ ሆም ረን መታ፣ በኛ በኩል ቭላዲ ሁለተኛ ቤዝ በሚያደርስ ምት ጀመረ፣ ሶስተኛ ቤዝ ደረሰ፣ ከሆም በ27 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ከርክ መታት፣ ባቱ ተሰበረ፣ ኳሷ ቤትስ ጋ ሄደች፣ ከርክም አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ባርገርም ወጡ። አለቀ።

ከዛ በኋላ ነው ሲድኒን ማሰብ የጀመርኩት። የኔ ትውልድ ልጅ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር ነው፣ 2000 ላይ፣ በኛ መስከረም 1993፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት በ10 ሺህ ሜትር። ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ። ያን ቀን ሰፈራችን ውስጥ የሆነውን ደስታ እስክሞት አልረሳውም፣ ያ የመጨረሻ መስመር በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደታየ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን በቴርጋት ዓይን አይቼው አላውቅም። ሰውየው እኮ ከአራት ዓመት በፊት አትላንታ ላይም በኃይሌ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጥቷል። ናይሮቢ ውስጥ እኛ በምናየው ቪዲዮ የሚያመው ሰው አለ፣ እሱም እያንዳንዱን እርምጃ በቃሉ ያውቀዋል፣ "እዚህ ጋ ደረቱን ትንሽ ቢያወጣ" እያለ። እኛ ያደግነው የዛች ጣት ስፋት ጥሩው ወገን ላይ ሆነን ነው። አሁን በሌላው ወገን ቆሜ ሳያት አንድ ነገር ተረዳሁ፣ ቴርጋት ምንም ያጠፋው ነገር የለም። ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ሁለተኛ ሊወጣ ይችላል፣ በቃ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ለዚህ ነው በካይነር-ፋሌፋ ላይ የወረደው ስድብ ያናደደኝ። ለምን ከቤዙ አልራቀም ነበር፣ ሁለት እርምጃ ቢጨምር ይገባ ነበር ነው የሚሉት። እሱ እንደተናገረው አሰልጣኞቹ ናቸው ቅርብ ሁን ያሉት፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለ ኳስ ተመትቶ ከተያዘ ከቤዝ የራቀ ሰው አብሮ ይወጣል። ከአንድ ቀን በፊት ባርገር የሆነው ምን ነበር? ያዙልኝ ያልኳችሁ እሱ ነው። ባርገር ራቀና ተሸነፍን፣ እሱን ሰደቡት፣ ካይነር-ፋሌፋ ቀረበና ተሸነፍን፣ እሱንም ሰደቡት። እንደዛ ከሆነ ሶስተኛ ቤዝ ላይ የት ነው የሚቆመው ሰው? ሆፍማንም ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ለሁሉም የቻምፒዮንነት ቀለበት ያሳጣሁት እኔ ነኝ ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው፣ ያንን ሲል ሳየው ሆዴ ተንቦጫቦጨ፣ እሱ ያስወጣቸው ሰዎች ባይኖሩ እኮ መጀመሪያውኑ ሰባተኛ ጨዋታ አንደርስም ነበር።

ሌላው ደግሞ "ዶጀርስ በገንዘብ ገዝቶት ነው" የሚለው ወሬ ነው። ገንዘብ አላቸው፣ ለኦታኒ 700 ሚሊዮን፣ ለያማሞቶ 325 ሚሊዮን ፈርመዋል፣ ይሄ ሊጉ ውስጥ ችግር ነው፣ አልክድም። ግን የኛም ባለቤት ሮጀርስ ድሃ አይደለም። ደግሞ ያቺን ኳስ የመታው ሮሃስ ነው፣ ያማሞቶንም ትከሻው ሳይሻር በተከታታይ ቀን ሂድ ወርውር ብሎ የላከው ገንዘብ አይደለም። ሲጎዳኝም ቢሆን እውነቱን ልናገር፣ እንደሱ ያለ ነገር በህይወቴ አላየሁም፣ የዎርልድ ሲሪዙ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ይገባዋል።

ሀዘኑ ግን በኔ ላይ የከበደው ስለ ዋንጫው ብቻ አይደለም። ክሌመንት ከጨዋታው በኋላ ዓይኑ አብጦ ስለ ጓደኞቹ ሲያወራ አይታችሁታል? ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያለቅስ እንደነበር ነው የተናገረው፣ የሚያወራውም ስለ ዋንጫ ሳይሆን ከነዚህ ሰዎች ጋር በየቀኑ ስለመዋል ነበር። እኔም እንደዛ ነው የተሰማኝ። ቡድን በየዓመቱ አለ፣ ማሊያውም ያው ነው፣ እነዚህ 26 ሰዎች ግን አንድ ላይ ሆነው ድጋሚ አይመጡም። የቢሼት ኮንትራት አልቋል፣ ሸርዘርም እንደዛው። ቢሼትና ቭላዲ ከትንንሾቹ ሊጎች ጀምረው አብረው ነው ያደጉት፣ ያ ሶስት ረን ያመጣ ሆም ረን ሁለት አውት ቢጨመርለት ኖሮ የጆ ካርተር አጠገብ ይቀመጥ ነበር፣ ልጆቻችን ያንን ነበር የሚያወሩት። አሁን ምናልባት ቶሮንቶ ውስጥ የመታው የመጨረሻው ሆም ረን ሊሆን ይችላል።

ጋሼን ባለፈው እሁድ ቡና ቤት አገኘኋቸው፣ ከሰላምታ በኋላ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፣ "ቦን ያስፈርሙታል?" አላውቅም አልኳቸው። "ማስፈረም አለባቸው" አሉና ሌላ ወሬ ጀመርን።

ማስፈረም አለባቸው። ጉልበቱ አሳሳቢ ነው፣ የድሮ ቦታው ሾርትስቶፕ ላይ እንደድሮው አይሸፍንም የሚሉት ሰዎች ውሸት አላወሩም፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያጫውቱት። ቭላዲ እስከ 2039 እዚህ ነው፣ ትሬይ የሳቬጅ ገና 22 ዓመቱ ነው፣ ክሌመንትም ከርክም ባርገርም አሉ፣ ፌብሯሪ ላይ ፍሎሪዳ ዳኒደን ውስጥ ልምምድ ሲጀመር አብዛኛው ቤተሰብ እዛው ይሆናል። ቢሼትም እዛ ቢኖር ነው የምፈልገው፣ የሚጠይቀውን ይክፈሉት።